ኮረብታውን በጤዛ ወር ያቃጠሉት የእትዬ ክብሪት የሕይወት ታሪክ

እትዬ ክብሪት ከእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. በየካቲት ወር፣ በጥድ ኮረብታው ሥር ባለው የሠራተኞች መንደር ወደዚህ ዓለም መጡ። በተወለዱበት ቀን ደኑ ይጨስ ነበር። አዋላጇ "መስኮቱን ዝጉልኝ" ብትል የሚዘጋ መስኮት አልነበረም። ይህን የሰማ ሁሉ "ለካ ከእሳት ጋር የተዋወቁት ገና ሲወለዱ ነው" እያለ ሲያደንቅ እሳቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። "ጭስ የሸተተው ሁሉ እሳት የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ፣ የጭስ ማውጫ ቱቦ ፕሮፌሰር ይሆን ነበር" ይሉ ነበር።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ ሟች ሁሉ ታጋሽ፣ ትሑትና ሰው አክባሪ ነው። እትዬ ክብሪት ታጋሽም ትሑትም አልነበሩም። ሰው ያከብሩ ነበር፤ የሚከበር ሲያገኙ። ሲያጡ ደግሞ አክብሮታቸውን ለሌላ ቀን ያስቀምጡት ነበር። አብዛኛው ሳይነካ ቀርቷል።

በሕይወታቸው አጥብቀው የፈለጉት አንድ ነገር ነበር። መንደሩ ላይ ያጎነበሰው ያ ኮረብታ በበጋ ሳይታሰብ ከመንደዱ በፊት፣ ጤዛ ባለበት ወር፣ በሰው እጅ ቀስ ብሎ እንዲቃጠል ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የኮረብታውም ታሪክ ነው፤ ሁለቱን መለየት አልተቻለም።

በ1955 ዓ.ም. በመንደሩ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ቆጠሩ። አራተኛ ክፍል ሳሉ ከግቢው ጥግ አንድ ሳንቃ በድንጋይ ላይ አጋድመው፣ ደረቅ የጥድ ቅጠል አንጥፈው፣ አንድ ጊዜ ከታች ሌላ ጊዜ ከላይ እየለኮሱ ሲቆጥሩ ዳይሬክተሩ ደረሱባቸው።

"አንቺ! ምን እየሠራሽ ነው?"

"እየቆጠርኩ ነው።"

"ምኑን?"

"ይኸው አሳሳቱኝ! እንደገና ልጀምር ነው።"

ተገረፉ። ክብሪት የሚለው ስም የወጣላቸው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም የጠራቸው የለም። ግን ማወቅ የፈለጉትን አውቀው ነበር። ከላይ የተለኮሰ እሳት ወደ ታች ይንፏቀቃል፤ ከታች የተለኮሰ ወደ ላይ ይጋልባል። በኋላ በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች፣ በትልልቅ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ለተቀመጡ ትልልቅ ሰዎች ሲያስረዱ የኖሩት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ አራተኛ ክፍል ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር ያላመናቸው።

በ1966 ዓ.ም. በደን ኮሌጅ ገቡ። በክፍላቸው ብቸኛ ሴት ነበሩ። አንድ መምህር በመጀመሪያው ቀን "ሴትና እሳት የሚገናኙት ማድ ቤት ነው" ብለው ተማሪውን አሳቁ። እትዬ ክብሪት እጃቸውን አውጥተው "እዚያ ያለው እሳት ቤት አቃጥሎ ያውቃል? ከእናንተ ጋር የዋለው ነው የሚያቃጥለው" አሉ። መምህሩ በዓመቱ መጨረሻ ከፍተኛውን ውጤት ሰጧቸው፤ በቅሬታ ቢሆንም ሰጧቸው። እትዬ ክብሪት እኚህን መምህር እስከ ዕለተ ሞታቸው በበጎ ያነሷቸው ነበር፤ "ጅል ቢሆንም ፈተና ማረም ያውቃል" እያሉ። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሠሩት በሰደድ እሳት ባሕርይ ላይ፣ ማለትም እሳት በዳገት፣ በነፋስና በደረቅ ቅጠል ላይ እንዴት እንደሚሄድ ነው።

በ1971 ዓ.ም. በደን ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተመራማሪ ሆነው ተቀጠሩ። የተሰጣቸው ክፍል ከጋራዡ ጀርባ፣ ቀድሞ የጎማ መጋዘን የነበረ ነው። ያለ መስኮት አንድ በር፣ አንድ አምፖል፣ ሲሚንቶ ወለል፣ የማይለቅ የጎማ ሽታ። በዚያ ክፍል ውስጥ ረጅም የብረት ሳጥን አሠሩ። በአንድ ጫፉ ማራገቢያ፣ በጎኑ መስተዋት፣ ከሥሩ የመኪና ክሪክ ነበረው። በክሪኩ ሳጥኑን እንደ ዳገት እያዘነበሉ፣ ከደኑ የለቀሙትን ቅጠል እየመዘኑ፣ እያነደዱ ስንት ዓመት! ጣሪያው እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። የጽዳት ሠራተኛዋ መሰላል ይዛ ልታጥበው ብትመጣ "ተዪው የኔ እመቤት፣ በዚህ መሥሪያ ቤት ሥራ መሠራቱን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ የለም" አሏት።

ከዚያ ሳጥን ያገኙትን ማንም ይረዳዋል። ዳገት ላይ ነበልባል ወደ ላይ ይጋደማል፤ ተጋድሞም ገና ያልደረሰበትን ቅጠል ቀድሞ ያደርቀዋል። ስለዚህ እሳቱ ሲደርስ ማዕዱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ዳገቱ በከፋ ቁጥር ይፈጥናል፤ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ደግሞ አካፋ የያዘ ሰው ሮጦ አያመልጠውም። የመንደሩ ኮረብታ ከዚያ ደረጃ በላይ ነው።

በ1973 ዓ.ም. የሳጥኑን የእንጨት እግር ከሠሩላቸው አናጺ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። አናጺው ለጋብቻ የጠየቁት መዶሻቸውን እንደያዙ ነበር። "እኔ ብዙ አላወራም" አሉ። እትዬ ክብሪትም "እስካሁን ከቀረበልኝ የጋብቻ ጥያቄ ሁሉ ይህ የተሻለው ነው" ብለው እሺ አሉ። አንዲት ሴት ልጅ ወልደው፣ አስተምረው፣ ለነርስነት አብቅተዋል።

የእትዬ ክብሪት ታናሽ ወንድም የእሳት አጥፊ ጓድ አለቃ ነበሩ። ደረታቸው ላይ ሜዳልያ፣ ቤታቸው ግድግዳ ላይ በእሳት ፊት የተነሱት ፎቶግራፍ ነበር። እሁድ እሁድ ሲገናኙ ቤቱ ይታመሳል።

"ጀግናው መጣ! ወንበር ስጡት፤ ፎቶ ሲነሳ ውሎ ደክሞታል።"

"እትዬ፣ አንቺ እሳትን የምታውቂው በሳጥን ነው።"

"አንተ ደግሞ በፎቶግራፍ።"

"ባለፈው ሳምንት እኮ ያንን ሁሉ እሳት በቁጥጥር ስር አዋልነው!"

"ዝናብ ዘነበ እንጂ ምን አዋላችሁት! ዝናብ ሲዘንብ የቆመ ሰው ሁሉ እሳት አጥፊ ነው።"

ወንድማቸው ይስቃሉ፣ ይናደዳሉ፣ በሚቀጥለው እሁድ ግን ይመጣሉ። እትዬ ክብሪት ደፋር ሰው ይጠሉ ነበር ማለት አይደለም። ደፋር ሰው የሚልኩትን ነበር የሚጠሉት።

አሁን ወደ ኮረብታው። ያ ኮረብታ ላይ ለሠላሳ ዓመት ማንኛዋም ትንሽ እሳት እንደ ተነሣች ትጠፋ ነበር። መሥሪያ ቤቱም በዚህ ይኮራ ነበር። ጥዱ ግን ቅጠሉን ማርገፍ አላቆመም። ረገፈ፣ ተከመረ፣ ጉልበት ደረሰ። ከሥሩ መንደሩ አለ፤ ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ የእሳቸው ቤት፣ የወንድማቸው ቤት። እትዬ ክብሪት ያሉት ይህን ነው። ኅዳር ላይ፣ ሌሊቱ ጤዛ ሲጥል፣ ከአናቱ ጀምረን ወደ ታች በጠባብ በጠባቡ እናቃጥለው። ቅጠሉ ይበላል፣ ዛፉ ይቆማል፣ መንደሩ ይተኛል።

በ1994 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤቱ አዲስ ኃላፊ ተሾመ። ስሙ እዚህ አያስፈልግም። እትዬ ክብሪት "ሪባን ቆራጩ" ብለው ሰይመውታል፤ ከመቀስ በቀር መሣሪያ ይዞ ያየው ስለሌለ። ሐሳባቸውን ይዘው ገቡ። ቢሮው ውስጥ ምንጣፍ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ ያ ኮረብታ አረንጓዴ ሆኖ ይታይ ነበር።

"ደን ጠባቂ ደን ያቃጥላል እንዴ እትዬ? ሕዝቡ ምን ይለናል?"

"ሕዝቡ ከሥሩ ነው የሚኖረው። ወርደው ይጠይቁት።"

"ኮረብታው እኮ አረንጓዴ ነው! እንግዳ ሲመጣ የምናሳየው እሱን ነው።"

"እንግዳው ከሄደ በኋላስ?"

"በቃ፣ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው።"

"ጥናቱ እኮ እኔ ነኝ! የማጠናው እኔ ነኝ፤ አጥንቼ ጨርሻለሁ።"

"እንግዲያው እንደገና ይጠና" አለ ሪባን ቆራጩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

የሰው ድንቁርና ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ግን የታየው በመለኪያ እንጨቶቹ ላይ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ግቢ በገላጣ ቦታ ላይ በመደርደሪያ የተቀመጡ፣ ቅርፊታቸው የተላጠ ቀጫጭን እንጨቶች ነበሩ። አናጺው ባለቤታቸው በልካቸው የላጓቸው ናቸው። ደኑ ሲደርቅ እንጨቶቹም ይደርቁና ክብደታቸው ይቀንሳል፤ ሲረጥብ ይጨምራል። በየቀኑ ቀትር ላይ ይመዘናሉ፤ በክብደታቸው መሠረት በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ይሆናል። የእሳት አጥፊው ጓድ ዕረፍት የሚወጣውና ከዕረፍት የሚጠራው በዚያ ሰሌዳ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ክረምቱ ገና ሳይወጣ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ሪባን ቆራጩ ግቢው እንዲያምር አዘዘ። የመንገዱ ዳር ድንጋይ በኖራ ተቀባ። በሩ ተቀባ። የውሃ ታንከሩ ተቀባ። ከዚያ እንጨቶቹን አየና "እነዚህስ ምነው ነጡ?" አለ። አናጺውን አስጠርቶም ቫርኒሽ እንዲቀቧቸው አዘዘ። አናጺው "ባለቤቴ ታውቃለች?" ብለው ሲጠይቁ "እሷ ናት ያለችው" አላቸው። አናጺው ደግሞ ሥራቸውን አክባሪ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ቀብተው፣ አድርቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ደግመው ቀቧቸው። እንደ መስታወት አበሩ።

እትዬ ክብሪት ሲመጡ ባለቤታቸው ከእንጨቶቹ አጠገብ ቆመው ፈገግ ብለው ይጠብቋቸው ነበር።

"ምን አደረግካቸው?"

"አሳመርኳቸው።"

"አሳመርካቸው! ቆዳቸውን ደፈንከው እንጂ! ከእንግዲህ ፀሐይም ዝናብም አይሰማቸውም። አለቃዬን አደረግካቸው!"

አናጺው ብሩሹን በኪሳቸው ከተቱ፤ ሱሪያቸውም ተበላሸ። እትዬ ክብሪት ወደ ኃላፊው ቢሮ ገብተው እንጨቶቹ እንዲቀየሩ ጠየቁ። እንግዶቹ እስኪሄዱ ተባለ። እንግዶቹ ሄዱ፤ እንጨቶቹ ቀሩ። ለምን ቢባል፣ ቫርኒሹ የክረምቱን እርጥበት በውስጣቸው አፍኖ ስለያዘው ክብደታቸው አልቀነሰም፤ ክብደታቸው ካልቀነሰ ደግሞ ሰሌዳው አረንጓዴ ላይ ቆመ። ክረምት አረንጓዴ፣ በጋ አረንጓዴ። ሪባን ቆራጩ ይህን አይቶ "በአመራራችን ብርታት የእሳት አደጋ ሥጋት ቀንሷል" ብሎ ለበላዮቹ አስተላለፈ። ምስጋናም መጣለት። ከዚያ በኋላ ማን እንጨት ይቀይራል?

አናጺው ግን ሳይታዘዙ አዲስ እንጨቶች ልገው ከቤታቸው ጓሮ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡ። "እነዚህን አላሳመርኳቸውም" አሉ። ከባለቤታቸው ጋር የታረቁት በዚህ ነው። የጓሮው እንጨቶች በበጋ እንደ ላባ ሲቀሉ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ አረንጓዴውን እንደ ለበሰ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እትዬ ክብሪት ከወንድማቸው ቤት ሄዱ። እሁድ አልነበረም።

"ኮረብታውን ላቃጥለው ነው። ሰዎችህን አምጣልኝ።"

"ፈቃድ አለሽ?"

"ጤዛ አለኝ።"

"እትዬ፣ ከሥራ ያባርሩኛል እኮ።"

"ያባርሩሃል። በጋ ላይ ግን ይልኩሃል፤ ከታች ወደ ላይ። እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ በሳጥን ውስጥ አይቼሃለሁ መሰለህ።"

ወንድማቸው ሜዳልያቸውን አዩ ይባላል። እሳቸው ግን "ያየሁት እሷን ነው" ይላሉ። በማግስቱ የዕረፍት ቀን ከነበራቸው የጓዱ አባላት ጋር በአካፋና በውሃ ጀሪካን ወጡ። እትዬ ክብሪት ከፊት፣ ነዳጅ የምታንጠባጥብ ቆርቆሯቸውን ይዘው። ከአናቱ ጀመሩ። ቀጭን መስመር ለኮሱ፤ እሳቱ በርጥቡ ቅጠል ላይ እያንቀላፋ ወደ ታች ወረደ፣ ከተጠረገው መስመር ሲደርስ ሞተ። እንደገና ትንሽ ዝቅ ብለው ለኮሱ።

"ይኼ ነው እሳት?" አሉ ወንድማቸው። "ይኼ እኮ ተኝቷል።"

"አስተኝቼው ነው። አንተ የምታውቀው የተቆጣውን ብቻ ነው።"

በዚያ ቀን ወንድማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጭስ ውስጥ ሳያስሉ ዋሉ። የሰሜኑ ግማሽ እንዳለቀ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከነዘበኞቹ ደረሰ። ሪባን ቆራጩ ጫማውን አመድ እንዳይነካው እየዘለለ መጣ።

"ማን ፈቀደልዎ?"

"ኮረብታው" አሉ እትዬ ክብሪት፤ "ደቡቡ ይቀረኛልና ከመስመሬ ላይ ይውረዱልኝ።"

ደቡቡ ቀረ። ዘበኞቹ ቆርቆሮዋን ቀሙ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። የኮሚቴው አባላት አምስት ነበሩ፤ ከአምስቱ አንዱም ኮረብታው ላይ ወጥቶ አያውቅም። እትዬ ክብሪት "የደን ጠላት" ተባሉ። ከምርምር ተነሥተው የመለዋወጫ መጋዘን ተመደቡ፤ ያ የብረት ሳጥናቸውም በቁራጭ ብረት ነጋዴ መኪና ተጭኖ ተወሰደ። ወንድማቸው ከጓድ አለቃነት ተነሥተው በር ጠባቂ ሆኑ፤ ከዚያ ከሚዋሽ ሰሌዳ ሥር፣ ሁልጊዜ አረንጓዴ ከሆነው። እትዬ ክብሪት ጎማ እየደረደሩ ያለፈውን ሁሉ ሲያስቡ ያለቅሱ ነበር የሚል ሰው ቢኖር ውሸት ነው። ይስቁ ነበር። የጋራዡ መካኒኮች ይመሰክራሉ።

በ2004 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ነፋሱ በበረታበት ቀን፣ ከመንገዱ ዳር እሳት ተነሥቶ የኮረብታውን ደቡብ ያዘ። የመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ አረንጓዴ ነበር፤ በአረንጓዴው መሠረት የእሳት አጥፊው ጓድ ዕረፍት ወጥቷል። የጓሮው እንጨቶች በዚያ ቀን በእጅ ሲያነሷቸው የሌሉ ያህል ቀለው ነበር። እትዬ ክብሪት ጭሱን አይተው ወደ መንደሩ ሮጡ፤ ወንድማቸውም በሩን ጥለው ደረሱ። ሕዝቡ ወደ መንገዱ ሊሸሽ ሲል እትዬ ክብሪት መሐል ገብተው "ወደ ላይ! ወደ ሰሜኑ ውጡ!" ብለው ጮኹ።

"ሴትዮ አብደሻል? እሳቱ ያለው እኮ ኮረብታው ላይ ነው!" አሉ የመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ።

"መንገዱ ላይ ያለው ሣር እስከ ወገብዎ ነው። የሰሜኑን ግማሽ እኔ አብልቼዋለሁ። የተጋጠ አጥንት ላይ ጅብ አይመለስም፤ ውጡ ነው የምላችሁ!"

ጋጋሪው ቆሙ። ሕዝቡም ከጋጋሪው ኋላ ቆመ። ያ ጊዜ ነው እንግዲህ፤ አንድ መንደር በሙሉ ያቺን በነገር የምትገርፈውን ሴትዮ ማመን አለማመን ላይ የተንጠለጠለበት። እትዬ ክብሪት ሁሉንም ተሳድበዋል፤ የሁሉንም ልጅ፣ የሁሉንም አጥር ነቅፈዋል። አሁን ደግሞ ወደ እሳቱ ኮረብታ ውጡ ይሏቸዋል። ያኔ ወንድማቸው የጋጋሪውን ሴት ልጅ ትከሻቸው ላይ አፈናጠው ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ጋጋሪው "ልጄን!" እያሉ ተከተሉ፤ ሕዝቡ ጋጋሪውን ተከተለ።

እሳቱ በደቡቡ ግማሽ ጋለበ። ምን ያህል እንደሚፈጥን በሳጥኑ ውስጥ ታውቆ ነበር፤ ከዚያም ይልቅ ፈጠነ። ሰሜኑ ጋ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ፣ በአጭሩ ሣር ላይ ትንሽ ተንፏቅቆ ሞተ። ወንድማቸው ሕዝቡን አድርሰው የአልጋ ቁራኛ የነበሩ ሽማግሌ ለማውጣት ተመልሰው ወርደው ግራ እጃቸው ተቃጠለ። በደቡቡ ሥር ያሉት ቤቶች፣ የወንድማቸው ቤት ከነሜዳልያው፣ አመድ ሆኑ። ሰው ግን አልሞተም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሪባን ቆራጩ ጭሱ ከበረደ በኋላ ከካሜራ ጋር መጣ። በወሩ የሰሜኑ ግማሽ ታጥሮ "የመሥሪያ ቤቱ ሠርቶ ማሳያ የእሳት መከላከያ ቀጠና" ተባለ። ሪባን ተቆረጠ። "በአርቆ አሳቢነታችን" የሚል ንግግር ተደረገ፤ ችግኝ ተተከለ። በመጨረሻም በአጥሩ ላይ "እዚህ ቦታ እሳት ማንደድ በሕግ ያስቀጣል" የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። እትዬ ክብሪት ማስታወቂያውን አንብበው ሳቃቸው ወደ ሳል እስኪለወጥ ሳቁ። ሳሉ ከዚያ ወዲህ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም።

በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በስንብታቸው ላይ የግድግዳ ሰዓት ተሰጣቸው፤ ለመካኒኮቹ ሰጥተውት ሄዱ። ባለቤታቸው አናጺው በ2010 ዓ.ም. አረፉ። እትዬ ክብሪት ከዚያም በኋላ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ከኃላፊው ቢሮ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። የተቃጠለ ኮረብታ እንደ ተቆረጠ ፀጉር ነው፤ ተመልሶ ያድጋልና በየጥቂት ዓመቱ መደገም አለበት። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። በጥናት ላይ ነው። ዛሬ በሰሜኑም በደቡቡም ቅጠሉ ተከምሯል፤ ችግኞቹ አድገው የራሳቸውን ያራግፋሉ፤ በቃጠሎው ቦታ ላይ መንደሩ ተመልሶ ተሠርቷል፤ ከበፊቱም በዝቷል።

በ2014 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም ጠናባቸው። ሐኪሙ "ሲጋራ ያጨሳሉ?" ብሎ ቢጠይቃቸው "እኔ የማጨሰው ደን ነው" አሉት። ልጃቸው ነርሷ ሌት ተቀን አስታመመቻቸው፤ እንዳትቆጣ እየፈሩም ቢሆን የታዘዙትን መድኃኒት ይውጡላት ነበር። ከሰው ሁሉ የሚፈሩት እሷን ብቻ ነበር።

ባለፈው ወር ሪባን ቆራጩ አበባና ፎቶግራፍ አንሺ ይዞ ሆስፒታል ድረስ መጣ። በአልጋቸው ጠርዝ ተቀምጦ፣ ወደ ካሜራው እያየ "እትዬ፣ መሥሪያ ቤቱ ምን ያድርግልዎ?" አለ።

"ኮረብታውን አቃጥልልኝ።"

ሪባን ቆራጩ ሳቀ። "ቀልደኛ ነዎት እኮ" አለ።

"እሱ ቀልድ ከሆነ" አሉ እትዬ ክብሪት እየተነፈሱ፣ "አበባህን ውሰደው። እሱም ሲደርቅ ይነዳል።"

ኃላፊውን አንቱ ማለት ያቆሙት ያን ቀን ነው። ሪባን ቆራጩ ሲወጣ ወንድማቸው በር ላይ ቆመው ነበር። እትዬ ክብሪት ጠሯቸው። "ጀግናው፣ ና" አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለመቀለጃ የጠሩበት ቃል ነው፤ ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። "ከላይ ወደ ታች። በጠባብ በጠባቡ። አትቸኩል" አሏቸው። ወንድማቸውም "እሺ እትዬ" አሉ።

እትዬ ክብሪት በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ አረፉ። አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ አንድ ወንድምና አንድ ኮረብታ ትተው አልፈዋል።

ኃላፊው ለቀብሩ የአበባ ጉንጉን ይዞ እንደሚመጣ አስታውቆ፣ ከፊት ወንበር እንዲያዝለት በስልክ አሳስቧል። ተይዞለታል፤ ይህ ሲነበብ በደንብ እንዲሰማ ነው። እኛ ቤተሰቦቻቸው የምንለው አጭር ነው። አሁን ወሩ መጋቢት ነው፤ ነፋስ ነው፣ ማንም እሳት እንዳይለኩስ። ክረምቱ አልፎ ኅዳር ሲገባ፣ ጤዛው በጣለ በመጀመሪያው የዕረፍት ቀን፣ ወንድማቸው በአንድ እጃቸውም ቢሆን ከአናቱ ይጀምራሉ። የቀድሞ የእሳት አጥፊ ጓዳቸው ቃል ገብቷል፤ ዳቦ ጋጋሪውም ቃል ገብተዋል። ፈቃድ አልጠየቅንም፤ ጥያቄው አሁንም በጥናት ላይ ነው። ሊያስቆመን የሚፈልግ ከአናቱ ይምጣ፤ ከታች ወደ ላይ እንዳይመጣ እትዬ ክብሪት ዕድሜ ልካቸውን ነግረውታል።

የእሳቸውን ነፍስ አምላክ ነፋሱ በተኛበት፣ ሣሩ በረጠበበት ስፍራ ያሳርፍልን። እኛን የቀረነውን እስከ ኅዳር ያድርሰን። አካፋ ያለው አካፋውን ይዞ ይምጣ።